ሌሊት የሚያልቅ ሙቅ ውሃ

«የሴትዮዋ ባል ሞቶም ገላውን መታጠብ አልተወም።»

ባለ መደብሩ ይህን ወሬ ያልነገረው ሰው ቢኖር ገና ያልተወለደ ነው። ሚስማር ልትገዛ የገባች ሴት፣ ቀለም ሊቀይር የመጣ ሽማግሌ፣ መንገድ ጠፍቶት ጎራ ያለ እንግዳ ሁሉ ሳይሰማው አይወጣም። ለእኔማ በሄድኩ ቁጥር፣ ነግሮኝ እንደማያውቅ ሁሉ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይደግመዋል።

«ማታ ታንከሩ ሙሉ ሙቅ ውሃ ነው። ሌሊት ውሃው በአሸንዳው ሲወርድ ጎረቤት ይሰማል። ጠዋት ሴትዮዋ ስትከፍተው በረዶ! እና ማን ታጠበበት? እስቲ አንቺ ንገሪኝ ድመት።»

ድመት የሚለኝ እሱ ብቻ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ከጣሪያ ጣሪያ ስለምዞር ሰፈሩ ያወጣልኝ ስም ነው። መጀመሪያ ሰሞን ያናድደኝ ነበር። በኋላ ድመት ጣሪያ ላይ ሆና ታች ያለውን ሰው በምን ዓይን እንደምታየው አስተዋልኩና ስሙን ወደድኩት።

«ጋሼ፣ የሞተ ሰው ሙቅ ውሃ ምን ያደርግለታል?»

«አፈር ውስጥ ብርድ የለም ያለሽ ማነው?»

«እንግዲያው ብርድ ልብስ ይሽጡለት።»

ሳቀ። ወሬውን ግን አልተወም፤ ከኋላዬ ለገባው ሰውዬ ከመጀመሪያው ጀመረለት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚሉት፣ ሴትዮዋ ብቻ ነበረች ይህን ወሬ ያልሰማችው። ቢያንስ እኔ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ሥራውን ያገኘሁት በዚሁ ወሬ ሰበብ ነው። የሴትዮዋ ልጅ ከሩቅ ከተማ መጥታ መኪናዋን መደብሩ በር ላይ አቆመችና «የውሃ ማሞቂያ ሶላር የሚያውቅ ሰው አለ?» ብላ ጠየቀች። ባለ መደብሩ በአገጩ ወደ እኔ ጠቆማት። ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ይህን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ዶሮ የሚገዛ ሰው ዶሮዋን በእጁ እየመዘነ የሚያያት ዓይነት ነው።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። አንቺስ ማን ነሽ?» አንቺ ያለኝን ሰው አንቺ ማለት ልማዴ ነው።

አልተቆጣችም። ለመቆጣትም የደከማት ትመስል ነበር። «አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴ ቤት ጠዋት ሙቅ ውሃ የለም» አለች። «ሁለት ሠራተኛ አይቶታል። አንዱ መስታወቱን ወልውሎ ሄደ፣ ሌላው ታንከሩን አጥቦ ሄደ። ውሃው ያው ነው። የእኔ ጭንቀት ግን ውሃው አይደለም። እናቴ ጠዋት ቧንቧውን ከፍታ ከአባቴ ጋር ታወራለች። ‹ዛሬም ጨረስከው?› ትለዋለች። በስልክ በጆሮዬ ሰምቻታለሁ።»

«እሺ።»

«እሺማ፣ ብቻዋን የምትኖር ሴት ከሞተ ሰው ጋር ስታወራ ዝም ብዬ ልያት? ነይ ከእኔ ጋር ስላት ‹ቤቴን ትቼ ወዴት!› ብላ አለቀሰች። መጨረሻ ላይ እንዲህ ተባባልን፤ ውሃው ከተሠራና እሷም ይህን ነገር ከተወች እዚሁ ትኖራለች። ካልሆነ በወሩ መጨረሻ እሑድ መጥቼ እወስዳታለሁ፤ ቤቱም ይከራያል።»

«ይሠራል» አልኳት።

«ሳታዪው?»

«ሳላየው።»

ይህን ሥራ ያስተማረኝ ሰው የለም። የተጣለ ታንከር እየፈታሁ፣ የተሰበረ መስታወት እየገጣጠምኩ፣ እጄን እያቃጠልኩ የተማርኩት ነው። ስለዚህ ሥራ ሲሰጠኝ «እሞክራለሁ» ማለት አልወድም። የሚሞክር ሰው ሲበዛ ነው የሰው ቤት ውሃ የሚቀዘቅዘው።

ሴትዮዋ በሩን ስትከፍት ቁመቷ ደረቴ ላይ ደረሰ። ነጭ ፀጉሯን ወደ ኋላ ጠቅልላዋለች፤ ትከሻዋ ላይ የወንድ ሹራብ ጣል አድርጋለች።

«ድመቷ አንቺ ነሽ?» አለች። «በወሬ ስሰማሽ ወፍራም ነበር የመሰልሽኝ።»

«ወሬ ያወፍራል እትዬ።»

ወጥ ቤቱን አሳየችኝ፣ የወጥ ቤቱን ቧንቧ ከፈተችልኝ፣ ከዚያ ወደ ጣሪያ የሚወጣውን ደረጃ። መታጠቢያ ቤቱ የት ነው ስላት በእጇ አየሩን ገፋችው። «እዚያ ምንም የለም። በሽታው ጣሪያው ላይ ነው።»

ጣሪያው ላይ ያለው ዕቃ ውስብስብ አይደለም። ከመንገድ የሚመጣው ውሃ መጀመሪያ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ ሳጥኑ ሲሞላ ተንሳፋፊ ኳስ ብድግ ብሎ መግቢያውን ይዘጋል። ከሳጥኑ ወደ ታንከሩ፣ ከታንከሩ ወደ መስታወቱ ይወርዳል። መስታወቱ ውስጥ ፀሐይ ያሞቀችው ውሃ ይቀልና ወደ ታንከሩ ተመልሶ ይወጣል፣ ከባዱ ቀዝቃዛ ይወርዳል። ሞተር የለው፣ መብራት አይፈልግ። ይህን የሚያህል ጨዋ ዕቃ ላይ ሰው ለምን መንፈስ እንደሚለጥፍበት አይገባኝም።

ከታንከሩ አናት ትርፍ ውሃ የሚወጣበት ቀጭን ቧንቧ ነበረ። ከሥሩ እስከ አሸንዳው ድረስ ሲሚንቶው አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት አብቅሏል። ጎረቤት የሚሰማው «የሟች ሻወር» ይኸው! ታንከሩ ሌሊት ሞልቶ ይፈሳል፤ ሙቁ ከላይ ሲወጣ ቀዝቃዛው ከሥር ይተካል። ሞልቶ የሚፈሰው ደግሞ ተንሳፋፊው ኳስ ስለማይዘጋ ነው ብዬ ፈረድኩ። አዲስ ኳስ ገጠምኩ።

ስወርድ በመደብሩ በኩል አለፍኩ። «ጋሼ፣ ሟችዎ ኳስ ሆኖ ተገኘ» አልኩት፤ ሰው ይስማልኝ ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

በማግስቱ ጠዋት ውሃው በረዶ ነበር።

ቀጥሎ መስታወቱን ጠረጠርኩ። ታንከሩ ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ መስታወቱ ሌሊት ሥራውን ገልብጦ ይሠራል፤ ቀን ከሰማይ የተቀበለውን ሙቀት ሌሊት ለሰማይ ይመልሳል። የሚያፈሰውን ውሃ ለጊዜው ረሳሁት። ሰው የሚመቸውን ምክንያት ሲያገኝ የማይመቸውን ይረሳል። ፀሐይ ስትጠልቅ በታንከሩና በመስታወቱ መካከል ያለውን መዝጊያ ዘግቼ ወረድኩ። ጠዋት አሁንም በረዶ።

መደብሩ ውስጥ ጥርስ ያለው ሁሉ ሳቀብኝ። «ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ!» አለ ባለ መደብሩ። «ድመት፣ ከሟቹ ጋር ታረቂና ተራ ያውጣልሽ። እሱ ሌሊት፣ እሷ ጠዋት።»

«እርስዎ ደግሞ ሁለቱ ሲጨርሱ ይግቡ። ከገቡ ሰንብተዋል መሰለኝ።»

ሰዉ አሁን በእሱ ሳቀ። እኔ ግን ሆዴ አልሳቀም። እሑድ እየቀረበ ነበር።

ሴትዮዋ ሁለቱንም ጊዜ ደረጃው ሥር ቆማ ጠበቀችኝ። «አልሆነም? አይዞሽ» አለችኝ። ቃሉ የማጽናኛ ነው፤ ፊቷ ግን እፎይ ያለ ሰው ፊት ነበር። ሻይ አቀረበችልኝ። ከመስኮቱ ሥር ትንሽ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ነበረ፤ አንደኛው ላይ እሷ ተቀመጠች፣ እኔ ወደ ሁለተኛው ስሄድ ከወጥ ቤት ሌላ በርጩማ አመጣችልኝ።

«አንቺስ የት ነው ገላሽን የምትታጠቢው?» አለችኝ ድንገት።

«ቤቴ ነዋ።»

«ሶላር አለሽ?»

«ምን ይጠፋል።»

ብዙ ነገር ይጠፋል። ክፍሌ ውስጥ ከአልጋዬ ሌላ ያለው የተጣለ ታንከር፣ የተቆራረጠ ቧንቧና የመስታወት ስባሪ ነው። ውሃ የማሞቀው ጀበና በማታክል ማንቆርቆሪያ ነው፤ የምታጠበው በሳፋ። ግን ይህን ለደንበኛ ነግሮ የሚከበር ሠራተኛ አላየሁም። ደግሞስ ማን ጠይቆኝ ያውቃል? የሷን ጥያቄ ይዤው ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ በሳፋው ፊት ቁጭ ብዬ «የት ነው የምትታጠቢው?» ያለችበትን ድምፅ መላልሼ ሰማሁት። ከዚያ ወዲያ ሥራ በሌለኝ ቀን ሁሉ በዚያ ቤት በኩል ማለፍ ጀመርኩ። «ኳሱን ልየው» እላታለሁ። ኳሱ ምንም አልሆነም፤ እሷም ታውቃለች። ሻይ ትጥዳለች።

በሦስተኛው ሙከራዬ መገመት ተውኩና ቤቱን ለሁለት ከፈልኩት። ማታ ሴትዮዋ ለራት የሚሆን ውሃ በባልዲ ከቀዳች በኋላ፣ ከታንከሩ ወደ ቤት የሚወርደውን ቧንቧ ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁ። ጠዋት ታንከሩ ቀዝቅዞ ከተገኘ ጥፋቱ ጣሪያ ላይ ነው። ሙቅ ሆኖ ካደረ ከታች ነው። ይህን ያህል ነው።

ጠዋት ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወጣሁ። አሸንዳው ደረቅ። ታንከሩ አናት ላይ ያለውን ቧንቧ ስነካው ጣቴ ተለበለበ። በሕይወቴ ቃጠሎ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

«እትዬ! ሌባው ከቤት ውስጥ ነው!»

ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር። ደስ አላላትም። እጇን በቀሚሷ ጠራረገች፣ ደረቅ እጅ።

«እስካሁን ያላየሁት መታጠቢያ ቤቱን ብቻ ነው» አልኳት።

«እዚያ ምንም የለም ብዬሻለሁ።»

ከእኔ በፊት የመጡት ሁለቱ ወንዶች እዚህ ላይ ሲደርሱ ተመልሰዋል ማለት ነው። የአሮጊት መታጠቢያ ቤት ካልገባሁ ብሎ የሚሟገት ወንድ የለም። እኔ ግን ይሉኝታ የሚባለውን ነገር በልጅነቴ አስጥለውኛል።

«እትዬ፣ ገላዎን እንዴት አድርገው ነው የሚታጠቡት?»

«ምን አልሽ?»

«ገላዎን። ውሃውን ምኑን ከፍተው፣ ምኑን ዘግተው?»

አፍጥጣ አየችኝ። ከዚያ ሳቋ መጣ፤ ትንሽ፣ የታፈነ፣ የልጃገረድ ሳቅ። «ስድ ነሽ! እናትሽ አልገረፈችሽም?» አለችኝና ወደ ወንበሯ ሄዳ ተቀመጠች። ስትጀምር ወደ መስኮቱ ነበር የምታወራው።

ባሏ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። ሰማይ ሳይነጣ ተነስቶ ቀድሞ ይታጠባል። ሲጨርስ ውሃውን ለሷ በሚስማማት ልክ ያደርገዋል፤ ሙቁን ይከፍታል፣ ቀዝቃዛውን ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ይለቅበታል። ከዚያ በእጅ የሚያዘው ሻወር ላይ ያለውን ቁልፍ ተጭኖ ውሃውን ያቆመውና ይወጣል። «ለክቼልሻለሁ!» ይላታል። ዕድሜ ልኳን የሷ ሥራ ገብታ ቁልፉን መጫን ብቻ ነው። ስትጨርስ ሁሉንም ትዘጋለች፤ በማግስቱ እሱ እንደገና ይለካል።

«የሞተ ዕለትም ታጥቦ ወጣ። ‹ለክቼልሻለሁ› አለኝ። ‹ይቆየኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ› አልኩት። እዚያ ወንበር ላይ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ አለ።» ባዶውን ወንበር በአገጯ አሳየችኝ። «ቀና አላለም።»

በርጩማውን ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ለቅሶኛው ሲመጣ ሲሄድ፣ ልጄም ስትሰነብት፣ እኔ ገላዬን አላስታወስኩም። ሁሉም ሄዶ ቤቱ ጭር ሲል፣ ከሰዓት በኋላ ገባሁ። ቁልፉን ብጫነው ውሃው መጣ። ለብ ያለ፣ ልክ፣ ምንም የማይጎድለው። ለክቶልኝ ነው የሄደው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱን መዝጊያዎች ነክቻቸው አላውቅም። በቁልፉ አቆመዋለሁ፣ በቁልፉ እከፍተዋለሁ።»

ተነስታ መታጠቢያ ቤቱን ከፈተችልኝ።

ጠባብ ነበር። ሚስማር ላይ ሁለት ፎጣ፣ መደርደሪያ ላይ የጢም መላጫ። ሻወሩ መስቀያው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ጎማው እንቁራሪት እንደዋጠ እባብ ተወጥሯል። ግድግዳው ላይ ሁለቱ መዝጊያዎች ጎን ለጎን ናቸው፤ የሙቁ እስከ መጨረሻ የተከፈተ፣ የቀዝቃዛው ለፀጉር ያህል። እጄን ስዘረጋ «አትንኪው!» ብላ ጮኸች። በር ላይ ቆማ ነው የጮኸችው፤ እኔ ግን ክንዴን የያዘችኝ ያህል ደረቅኩ።

መንካትም አላስፈለገኝም። ነገሩ ሁሉ ፊቴ ላይ ተዘርግቶ ነበር። ሙቁ ውሃ የሚወርደው ከጣሪያው በራሱ ክብደት ብቻ ነው፤ ደካማ ነው። ቀዝቃዛው በቀጥታ ከመንገድ ይመጣል። ቀን ሰፈሩ ሁሉ ስለሚቀዳ እሱም ይደክማል፤ ሰው ሲተኛ ግን ጉልበት ያገኛል። ሁለቱ መዝጊያዎች ተከፍተው መውጫው በቁልፍ ከተዘጋ ውሃው የት ይሂድ? ብርቱው ደካማውን ይገፋል። ቀዝቃዛው በዚያች ፀጉር በምታህል ክፍተት ገብቶ፣ በሙቁ ቧንቧ ሽቅብ ወጥቶ፣ ሌሊቱን ሙሉ ታንከሩን ይሞላል፤ ሙቁ በትርፍ ማስወጫው ወደ አሸንዳው ይፈሳል። ኳሱ ንጹሕ፣ መስታወቱ ንጹሕ።

በእጄ እያሳየሁ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ስለዚህ ብዘጋቸው ይድናል?»

«አሁኑኑ።»

«ደግሞ መልሰሽ እንደዚሁ አድርገሽ ትለኪልኛለሽ?»

«እለካለሁ።»

«እንደዚሁ?»

የቀዝቃዛውን መዝጊያ አየሁት። ያችን ፀጉር መልሶ ማግኘት የሚችል እጅ የለም። መዋሸት እችል ነበር። «አይ» አልኳት። «ቅርብ ይሆናል እንጂ እንደዚሁ አይሆንም።»

አንገቷን ነቀነቀች። «ተይው እንግዲያው። ልጄ ትምጣና ትውሰደኝ። ከቤቱ ብወጣም እሱ እንዳቆመው ይቆይ።»

ኩራቴ የሚጠቅምበት ቀን አለ ከተባለ ያ ቀን ነው። «ማን ይነካዋል አልኩዎ?» አልኳት። «ሳልነካው እሠራዋለሁ።»

መደብሩ ሄጄ ውሃ በአንድ በኩል ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ጠየቅኩ። ያለው ውስጡ ሞላ ያለበት ብቻ ነው። ሞላውን የሚገፋ ጉልበት የእኛ ደካማ ሙቅ ውሃ የለውም። የምፈልገው ውስጡ ቀለል ያለች ክዳን ተንጠልጥላ፣ ውሃ ሲመጣ የምትከፈት፣ ሲመለስ በራሷ የምትዘጋ ዓይነት ነው።

«ለሟች ሰው በር ልትሠሪለት ነው?» አለ ባለ መደብሩ።

«ለእርስዎ አፍ የሚሆን ነበር የፈለግኩት፤ የሚያህል አጣሁ እንጂ።»

ቤቴ ገብቼ ያን አልጋዬን ያጣበበ አሮጌ ታንከር ፈታሁት። ጎኑ ላይ አንዲት ነበረች፤ ነሐስ፣ ዝገት ያልገባት። በሆምጣጤ አጠብኳት፣ በአፌ ነፋሁባት፤ በአንድ በኩል አሳለፈችኝ፣ በሌላው እምቢ አለችኝ።

የጣሪያውን ዘጋሁ፣ የመንገዱን ዘጋሁ። የሙቁ ቧንቧ በመታጠቢያ ቤቱ ወለል አጠገብ አግድም የሚያልፍበት ቦታ ነበረ፤ ክዳኗ በደንብ የምትወድቀው አግድም ሲሆን ነው። እዚያ ላይ ቆረጥኩት። እኔ ወለሉ ላይ ተኝቼ ስታገል ሴትዮዋ ሁለቱ መዝጊያዎች ፊት እጇን ዘርግታ ቆመች፤ ዕንቁላል ላይ እንደተኛች ዶሮ።

«ክርንሽን አርቂ።»

«ክርኔ የት ሄዶ ይቀመጥ እትዬ?»

«እኔ እንጃ። ድመት አይደለሽ? እጠፊው።»

ገጠምኩ፣ አጠበቅኩ፣ ከፈትኩ። ጠብ የሚል የለም። ቁልፉን ራሷ ተጫነችው፤ ውሃው መጣ፣ ለብ ያለ። ዓይኗን ጨፍና እጇን ከሥሩ አኖረች። «እሱ ነው» አለች። በዚያ ቅጽበት እኔን የሚያህል ሠራተኛ በምድር ላይ አልነበረም።

በማግስቱ ማንም ሳይጠራኝ በጠዋት ሄድኩ። አሸንዳው ደረቅ። በሩን የከፈተችልኝ ፀጉሯን ፈትታ ነው፤ እርጥብ ነበር፣ ትከሻዋ ላይ ያለውን ሹራብ አረጥቦታል።

«ሙቅ ነው» አለችኝ።

«ነገርኩዎት አይደል!»

«ነግረሽኛል።» ሻይ ጣደች። ተቀመጥን። ጉራዬን ልነፋ ስል እሷ ቀደመችኝ።

«ልጄም አንቺም አበደች ብላችኋል» አለች። «ያ ባለ መደብርም የሚያወራውን እሰማለሁ፤ ደንቆሮ አይደለሁም። የሞተ ሰው እንደማይታጠብ አጥቼው መሰለሽ? ግን ጠዋት እከፍተዋለሁ፣ ይቀዘቅዛል። ‹ዛሬም ጨረስከው? ለሰው አታስብም?› እለዋለሁ። እቆጣዋለሁ። ተቆጥቼ ሻይ እጥዳለሁ፤ ቀኑ ይጀመራል። አንቺ ልጅ ነሽ፣ አይገባሽም። ውሃሽን የሚጨርስብሽ ሰው የሌለበት ቤት ምን እንደሆነ አታውቂም።»

አውቃለሁ ልላት ነበር። ሳፋዬን፣ ማንቆርቆሪያዬን፣ ማንም ጨርሶብኝ የማያውቀውን ያን አንድ ማንቆርቆሪያ ውሃ ልነግራት ነበር። አልነገርኳትም። ደንበኛ ናት፤ እኔም እኔ ነኝ። «ሻዩ ገነፈለ» አልኳት።

እሑድ ልጅቱ መጣች። መኪናዋን ከማቆሟ በፊት እኔ በሩ ላይ ነበርኩ፤ ለምትለው ሁሉ መልስ አዘጋጅቻለሁ። ውሃው ተሠርቷል። እናትሽ ከማንም ጋር አታወራም። ቃል ቃል ነው።

ሴትዮዋ ከክፍሏ ወጣች። በእጇ ሻንጣ ነበር።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኩ እኔ። ልጅቱም እኩል ከእኔ ጋር «እማዬ?» አለች።

«ልሂድ» አለች ሴትዮዋ። «ቤቱ ሰላም ነው። የሚጠብቀኝ ሥራ የለም።»

«እትዬ እኔ የሠራሁት እኮ እዚሁ እንዲኖሩ ነው!» ድምፄ እንዴት እንደወጣ አላውቅም፤ ልጅቱ ዞራ አየችኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው።

ሴትዮዋ ጉንጬን በእጇ ጀርባ ነካ አደረገችው፤ ትኩሳት እንደሚለካ ሰው። «እጅሽ ይባረክ። ጥሩ አድርገሽ ሠርተሽዋል» አለችኝ። «አንድ ነገር ብቻ፣ የሚከራይ ሰው እስኪገባ የመታጠቢያ ቤቱን መዝጊያዎች ማንም እንዳይነካብኝ። ከገባ ወዲያ የራሱ ጉዳይ ነው።» ከዚያ ሻንጣዋን ለራሷ ይዛ፣ ደረጃውን በአንድ እጇ እየተደገፈች ወርዳ መኪናው ውስጥ ገባች። ወደ ኋላ አላየችም።

ባዶ ቤት ላይ ያለ ሶላር ዝም ተብሎ አይተውም፤ የሚቀዳው ሰው ሲጠፋ ውሃው ይፈላል፣ ማሰሪያዎቹን ያበላሻል። ሸራ ይዤ ጣሪያ ወጣሁ። መስታወቱን ሸፈንኩ፣ አራቱን ማዕዘን በሽቦ አሰርኩ፣ ነፋስ እንዳይገልበው ድንጋይ ጫንኩበት። ከላይ ሆኜ መኪናውን አየሁት፤ በመስኮቱ ነጭ ፀጉር ብቻ ይታያል። እጄን ላነሳ ብዬ ተውኩት።

ስወርድ ልጅቱ ከክፍል ክፍል እየዞረች መስኮት ትዘጋ ነበር። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ውሃ ጠብ ጠብ ሲል ሰማሁ፤ ከዚያ የብረት ድምፅ፣ ጢር፣ ጢር። ሮጥኩ። በሩ ላይ ስደርስ ሁለቱም መዝጊያዎች ተዘግተዋል፤ የቀዝቃዛውን ለማጥበቅ የመጨረሻውን ዙር እየጨረሰች ነበር።

«ምን አደረግሽ! አትንኪው ተብሏል እኮ!»

ደንግጣ እጇን ሰበሰበች። «ምኑን? ተከፍቶ ነው የዘጋሁት።»

«አባትሽ ነው የለካው! በሞተበት ቀን፣ ለእናትሽ! እሷ እስካሁን አልነካችውም።»

«አባዬ?» አለች። ግንባሯ ተኮማተረ፤ ያልገባት እንጂ የምትከራከር አትመስልም ነበር። «ኧረ እኔ ነኝ። በቀብሩ ማግስት ስገባ ለቅሶኛው ተጠቅሞበት ሁለቱም ጥርቅም ብለው ተዘግተው ነበር። እኔ ለራሴ በሚስማማኝ ለክቼ ታጠብኩና በዚህ በቁልፉ ዘግቼ ወጣሁ፤ እዚያ እኛ ቤት እንደዚያ ነው የምንዘጋው።»